ሌንሱን ማን ይንካው?

የንብረት ክፍላችን በር ላይ በማርከር የተጻፈች ማስታወቂያ አለች፤ "ከግቢ ውጭ ሌንስ መቀየር በጥብቅ የተከለከለ ነው" ትላለች። ከሥሯ ደግሞ በሌላ እጅ ጽሑፍ "ለሚደርሰው ጉዳት ተማሪው ተጠያቂ ነው" የሚል ተጨምሮባታል። ውድ አንባቢያን፣ በተለይ ሦስተኛ ዓመት የደረሳችሁ፣ ይህችን ማስታወቂያ በቃላችሁ ታውቋታላችሁ። እኔ በበኩሌ በዚህች አጭር ጽሑፍ ማስታወቂያዋ ትነሳ ብዬ እከራከራለሁ። ብትነሳ በምትኩ ምን ይሁን ለሚለውም ያሰብኩትን እላለሁ።

በቅድሚያ ግን ለንብረት ክፍሉ ፍትሐዊ እንሁን። ጋሼ ክልከላውን ያወጡት ተማሪ ለማስቸገር አይደለም። ከሴንሰሩ ፊት ያለው መስታወት አንዴ ከተጫረ ካሜራው የሚጠገነው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ሄዶ እስኪመለስ ድረስ አንድ ባች ሙሉ ያለ ካሜራ ይቀራል። ጭረቱን ማን እንዳደረሰው ሳይታወቅ ሲቀር ደግሞ መጨረሻ ላይ ጠረጴዛ ፊት ቆመው የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ማርከር ማንሳቴ አይቀርም ነበር።

ክልከላው ግን ከየት መጣ? እኔ እንደሚመስለኝ ከቪዲዮ ካሜራ ዘመን የተረፈ ነው። በሚኒ ዲቪ ካሴት ይሠሩ የነበሩት አብዛኞቹ ካሜራዎች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የፓናሶኒክ ዲቪኤክስ 100፣ ሌንሳቸው ከአካላቸው ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነበር። ዙም ታደርጋለህ፣ ፎከስ ታደርጋለህ፣ አለቀ። ሴንሰር የሚባለውን ነገር በዓይኑ ያየ ተማሪ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2008 ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ወጥቶ የፎቶ ካሜራ ሙሉ ኤችዲ ቪዲዮ መቅረጽ ሲጀምር ነገሩ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ዋጋቸው ትምህርት ቤት የሚቀምሰው የሲኒማ ካሜራዎች መጡ፤ እነዚህም ሌንሳቸው የሚወልቅ፣ ሲወልቅ ደግሞ ሴንሰራቸው ፊት ለፊት አፍጥጦ የሚያይ ናቸው። ካሜራው ተቀየረ፣ ማስታወቂያዋ አልተቀየረችም።

ክልከላው ሲከበር ምን ይሆናል? ሙሉ አጭር ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ዙም ይቀረጻል። የእናትየው ፊት በቅርብ፣ መንደሩ በሩቅ፣ ልጁ በሩጫ፣ ሁሉም በዚያው ባለ 24-70 ሌንስ። ባለ 50 እና ባለ 85 ሚሊ ሜትሮቹ ሌንሶች ሣጥናቸው ውስጥ እንደ ሠርግ ብርጭቆ ተቀምጠው ያረጃሉ። ተማሪው "ለዚህ ፊት የትኛው ሌንስ ይሻላል?" ብሎ ሳይጠይቅ ይመረቃል፤ ምክንያቱም መልሱ ቢታወቅም መቀየር አይቻልም። የሲኒማቶግራፊ ትምህርት ግማሹ ይሄ ጥያቄ ነው።

ክልከላው ሳይከበር ሲቀርስ? ይሄኛው ይብሳል። ሚኒባስ ጀርባ ተደብቆ፣ አንዱን ክዳን በጥርስ ነክሶ፣ ሌላውን ጃኬት ኪስ ከቶ፣ "ቶሎ በል ሰው መጣ" እየተባለ የሚቀየር ሌንስ አለ። ተሰርቆ የሚሠራ ሥራ በጥንቃቄ አይሠራም። እንግዲህ ጋሼ የሚፈሩትን አቧራ ካሜራው ውስጥ የሚያስገባው ራሱ ክልከላው ነው ብል ተጋነነ አትበሉኝ።

አንድ ብናኝ ምን ያህል ያስፈራል የሚል ይኖራል። ድሮ በሴሉሎይድ ፊልም ሲሠራ ለእያንዳንዱ ፍሬም አዲስ የፊልም ክፍል ነበር የሚመጣው፤ በሰከንድ 24 ጊዜ። ፊልሙ ላይ ያረፈ ብናኝ ከፍሬሙ ጋር አብሮ ይሄዳል። የቀድሞ የካሜራ ረዳቶች ይፈሩ የነበሩት ጌቱ ላይ፣ ማለትም ፊልሙ የሚጋለጥበት መስኮት ጠርዝ ላይ የምትጣበቅ ፀጉርን ነው፤ ስለዚህም ጥሩ ቀረጻ ባገኙ ቁጥር ጌቱን ያዩ ነበር። ዲጂታል ላይ ግን ሴንሰሩ አንድ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ያው ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የገባ ብናኝ ካልተጠረገ ማታም እዚያው ነው። የአሥር ደቂቃ ፊልም 14,400 ፍሬም አለው፤ አንዲት ነጥብ 14,400 ጊዜ ተቀምጣ ታያችኋለች ማለት ነው። "ዲጂታል ቀላል ነው" የሚሉ መምህሮቻችን በዚህ ነገር ላይ ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

ደግሞም ብናኙ ተንኮለኛ ነው፤ ሁልጊዜ አይታይም። የሚቀመጠው ሴንሰሩ ራሱ ላይ ሳይሆን ከፊቱ ባለው ስስ የመስታወት ማጣሪያ ላይ ነው፤ በሁለቱ መካከል ትንሽ ርቀት አለ። የሌንሱ ቀዳዳ ሰፊ ሲሆን፣ ኤፍ 2 ወይም ኤፍ 2.8 ላይ፣ ብርሃኑ ከብዙ አቅጣጫ ስለሚመጣ የብናኙ ጥላ ተበትኖ ይጠፋል። ኤፍ 16 ወይም ኤፍ 22 ላይ ግን ብርሃኑ በቀጭኑ ስለሚገባ ጥላው ጥርት ያለ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። "ቤት ውስጥ ስንቀርጽ ንጹህ ነበር፣ ውጭ ስንወጣ ቆሸሸ" የሚባለው ለዚህ ነው። ቤት ውስጥም ነበረ፤ አልታየም እንጂ።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ሹተር 1/48፣ አይኤስኦ 800 ይዛችሁ በጠራራ ፀሐይ ብትቀርጹ ትክክለኛው መጠን ኤፍ 64 አካባቢ ይወድቃል። እንዲህ የሚጠብ ሌንስ በእጃችን የለም። ያለ ኤንዲ ፊልተር የወጣ ተማሪ ሌንሱን ኤፍ 22 ድረስ ይዘጋና የቀረውን ሹተር በማፍጠን ያካክሳል፤ እንቅስቃሴው ይንቀጠቀጥበታል፣ ብናኙም አንድ በአንድ ይቆጠራል። ስድስት ስቶፕ የሚቀንስ ኤንዲ ቢያደርግ ግን ኤፍ 8 ላይ ይሆናል። ስለዚህ ኤንዲ የብርሃን ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ንብረት ክፍሉ ካሜራ ሲሰጥ ኤንዲውን "ሌላ ቡድን ወስዶታል" ማለት አልነበረበትም።

አሁን ወደ አቀያየሩ ልምጣ። ቁጥር ሰጥቼ አልዘረዝርም፤ በቁጥር የተሰጠ ነገር ለፈተና ይሸመደድና ከፈተና በኋላ ይረሳል። ነገሩ በእጅ የሚለመድ ነው።

ዋናው ሐሳብ አንድ ነው፤ የካሜራው አፍ ክፍት ሆኖ የሚቆይበትን ጊዜ ማሳጠር። ጥድፊያ ግን አይደለም። ዝግጅቱ ሁሉ አሮጌው ሌንስ ሳይወጣ በፊት ያልቃል። የሚገባው ሌንስ ከቦርሳ ወጥቶ፣ የኋላ ክዳኑ ላላ ተደርጎ፣ ከተቻለም የኋላ መስታወቱ ወደ ብርሃን ተይዞ ታይቶ መቆየት አለበት፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ብናኝ ወደ ሴንሰሩ የሚሄደው ከአየር ብቻ ሳይሆን ከሚገባው ሌንስ ጀርባ ጭምር ነው። የሌንሱን ጀርባና የብረት ቀለበቱን በላስቲክ አየር መንፊያ እፍ ማድረግ ይበቃል። በአፋችሁ እፍ አትበሉ፤ ምራቅ አብሮ ይሄዳል። በነጠላ ጫፍ የሚጠርግም አይቻለሁ፤ ነጠላ ጥጥ ነው፣ ጥጥ ደግሞ ብናኝ ይተዋል። ሶፍትም ያው ነው።

ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይሁን፤ ሄዱ ይቆለፍ። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። ከባድ ሌንስ ከፊት ሲወጣ ክብደቱ በአንዴ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ያልተቆለፈ ሄድ ካሜራውን ሽቅብ ያንጋጥጠዋል፣ አፉ ክፍት ሆኖ ሰማይ ያያል ማለት ነው፣ ከሰማይ የሚወርደውን ሁሉ ይቀበላል። ስለዚህ አፉን ትንሽ ወደ መሬት አዘንብላችሁ ቆልፉት። ማትቦክስና ፎሎው ፎከስ ካለ መጀመሪያ ይውጣ፤ ሌንሱን ከሥር የሚደግፍ ነገር ካለም ይላላ። ኤሌክትሪክ መገናኛ ያለው ሌንስ ከሆነ ካሜራውን አጥፉት።

ከዚያ ሁለት ሰው። አንዱ ካሜራው ጋ፣ አንዱ ሌንሱ ጋ። የሚያቀብለው ሌንሱን የሚለቀው ተቀባዩ "ያዝኩት!" ሲል ብቻ ነው። በዝምታ ወይም በአንገት ንቅናቄ ርክክብ የለም። በእኛ አገር ትኩስ ጀበና ሲቀባበሉ እንኳን "ያዝሽው?" ይባላል፤ ሌንስ ከጀበና በብዙ እጥፍ ይወደዳል። አሮጌው ሲወጣ ወዲያው የኋላ ክዳኑ ይደፈንበት፣ አዲሱ ይግባ። ክዳኖችን ኪስ አትክተቱ፤ የኪስ ውስጥ ብናኝ ክዳኑ ላይ ይጣበቅና ሌላ ቀን ሌንሱ ጀርባ ላይ ይገኛል። የካሜራው ክዳንና የሌንሱ የኋላ ክዳን ፊት ለፊት ተጋጥመው አንድ ይሆናሉ፤ እንዲህ አጋጥሞ ቦርሳ ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

አገባቡ እንደ ካሜራው ዓይነት ይለያያል። ካኖን ኢኤፍ ላይ ቁልፉን ተጭናችሁ የምታዞሩት ሌንሱን ራሱን ነው፤ ምልክቱን ከምልክቱ አጋጥማችሁ ታስገቡና "ቀጭ" እስኪል ታዞራላችሁ። አሪ እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው ፒኤል ላይ ግን ሌንሱ አይዞርም። ቀጥ ብሎ ይገባል፣ የሚዞረው የካሜራው ቀለበት ነው፤ ቀለበቱ እስኪጠብቅ ድረስ የሌንሱ ክብደት ሙሉ በሙሉ በእጃችሁ ላይ ነው። ኢኤፍ ለምዶ ፒኤል ሌንስ ለማዞር የሚታገል ሰው ብረት ከብረት ያፋጫል፤ ሲፋጭ ደግሞ የብረት ብናኝ ይወለዳል፣ ያውም ሴንሰሩ ደጃፍ ላይ። የካሜራው አፍ ከሴንሰሩ ያለው ርቀትም ይለያያል፤ ፒኤል 52 ሚሊ ሜትር፣ ኢኤፍ 44፣ ሶኒ ኢ 18 ብቻ። የሶኒው ሴንሰር የአውራ ጣት ስፋት ያህል ነው የሚርቀው፤ እጅ ቢያዳልጥ ጣት ይደርስበታል። ከዚሁ ርቀት የተነሳ ፒኤል ሌንስ በአዳፕተር መስታወት በሌለው ኢኤፍ ካሜራ ላይ ሊሠራ ይችላል፤ የ8 ሚሊ ሜትር ቦታ አለና። ኢኤፍ ሌንስ ግን ፒኤል ካሜራ ላይ ቢታሰር ሩቁን ፎከስ አያደርግም። ይህን ሳያውቁ ሌንስ በግድ ለማስገባት የሚሞክሩ አሉ። እምቢ ያለ ሌንስ እምቢ ያለበት ምክንያት አለው፤ አውጥታችሁ እዩ እንጂ አትግፉ።

ከገባ በኋላ በቀስታ ነቅነቅ አድርጉት፣ መንቀሳቀስ የለበትም። ሩቅ ያለ ነገር ላይ ፎከስ አድርጉና የሌንሱ ቁጥር ከምታዩት ጋር መስማማቱን ተመልከቱ። ይሄ ሁሉ ለለመደ ቡድን ሁለት ደቂቃ ነው። ዳይሬክተሩ "ፀሐይ እየሄደች ነው!" ብሎ ይጮሃል፤ ይጩህ። የቀረጻ ዝርዝሩን በሌንስ ከፋፍሎ ቢያዘጋጀው ኖሮ፣ በ50 የሚቀረጸውን ሁሉ አንድ ላይ ቢያደርገው ኖሮ፣ አሥር ጊዜ የሚቀየረው ሦስት ጊዜ ብቻ ይቀየር ነበር።

ቦታውስ? አዲስ አበባ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ ምን ዓይነት አቧራ እንዳላት ለእናንተ አልነግርም። መኪና ካለ መኪና ውስጥ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ማራገቢያው ጠፍቶ። መኪና ከሌለ ለነፋሱ ጀርባ ሰጥቶ፣ ጃንጥላ ከልሎ። ከሁሉ የምፈራው ግን ተራ አቧራን አይደለም። ብዙ ተማሪ ለዶክመንተሪ መርካቶ ምናለሽ ተራ መሄድ ይወዳል፤ እሳቱ፣ ድምፁ፣ የሚቀጠቀጠው ቆርቆሮ ለካሜራ ያምራል። እዚያ ግን አየሩ ውስጥ የሚበረው ከግራይንደር የወጣ የብረት ብናኝ ነው። አፈር በመንፊያ ይሄዳል፤ ብረት ደግሞ በሚጠረግበት ጊዜ መስታወቱን ይጭራል። ምናለሽ ተራ የምትሄዱ ሌንሳችሁን ቤት መርጣችሁ፣ አስራችሁ ሂዱ፤ እዚያ መቀየር የለም። በዚህ አንድ ቦታ ላይ ከማስታወቂያዋ ጋር እስማማለሁ። አፋር ጨው ሜዳ ለሚወጣም ምክሬ ያው ነው፤ ጨው እርጥበት ይስባል፣ ብረትም ይበላል።

ሌላው እንፋሎት ነው። ጠዋት እንጦጦ ላይ በብርድ ሲቀርጽ የቆየ ካሜራ በቀጥታ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ቢገባ ሌንሱ ወዲያው በጤዛ ይሸፈናል። በዚያ ሰዓት ሌንስ መቀየር ማለት ያንን እርጥብ አየር፣ ጭሱንና ዱቄቱን ጭምር፣ ወደ ቀዝቃዛው ሴንሰር መጋበዝ ነው። ካሜራውን ከመግባታችሁ በፊት አየር በማያስገባ ፌስታል ጠቅልሉትና እዚያው ይሙቅ፤ ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል። እስኪሞቅ ቡና ጠጡ። የቡና ሥነ ሥርዓት የምትቀርጹ ከሆነም ዕጣኑ ከመጨሱ በፊት ሌንሳችሁን ወስኑ።

ብናኝ ቢገባስ? ሌንሱን ወደ ነጭ ግድግዳ ወይም ወደ ሰማይ አዙሩ፣ ፎከሱን አጥፉ፣ ኤፍ 22 ላይ አድርጉ፣ ትንሽ ቅረጹና በትልቅ ስክሪን እዩ። ነጥብ ካለ ይታያል። ቦታውን ለማግኘት አንዲት ነገር ልንገራችሁ፦ ከካሜራው ፊት ቆማችሁ ሴንሰሩን ስታዩት ግራው ግራ ነው፣ ላዩ ግን ታች ነው። ሞኒተር ላይ ከላይ በግራ ያያችኋት ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ከታች በግራ ናት። የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ደፍታችሁ በላስቲክ መንፊያው፣ ጫፉ ምንም ሳይነካ፣ እፍ እፍ አድርጉ። በቆርቆሮ የሚሸጠውን ለኮምፒውተር ማጽጃ የሚሆን አየር አትጠቀሙ፤ ፈሳሽ ይተፋና ከብናኙ የባሰ እድፍ ይተዋል። በመንፊያ እምቢ ካለ እዚያ ላይ አቁሙ። በስዋብና በፈሳሽ ማጽዳት የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው፤ የተማሪ ሥራ መሆን የለበትም።

እንግዲህ ማስታወቂያዋ ተነስታ ምን ይሁን? ንብረት ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ተበላሽቶ የተቀመጠ ካሜራ አለ፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። በእሱ ላይ ሁለተኛ ዓመት የገባ ሁሉ ሌንስ ማውጣትና ማስገባት ይለማመድ፤ እጁ እስኪለምድ፣ ደጋግሞ። ከዚያ ከየቡድኑ አንድ ሰው በመምህር ፊት ቀይሮ ያሳይና ስሙ ይመዝገብ፤ ሌንስ የሚነካው እሱ ወይም እሷ ብቻ ትሁን፣ ዳይሬክተሩም ቢሆን አይንካ። ከካሜራው ጋር መንፊያ፣ ንጹህ የሌንስ ጨርቅ፣ ሙሉ ክዳኖችና ፌስታል አብሮ ይውጣ።

አንዳንድ መምህራን "ይህ ሁሉ ተጠያቂነትን ያላላል" ይላሉ። እኔ ደግሞ አሁን ያለው ተጠያቂነት ስም ብቻ ነው እላለሁ። ተማሪው ሲረከብ ፎርም ይፈርማል፤ ፎርሙ "ካሜራ 1፣ ባትሪ 2፣ ቻርጀር 1" ይላል። ስለ ሴንሰሩ ሁኔታ አንድ ቃል የለውም። ከሁለት ወር በኋላ ጭረት ሲገኝ በመካከሉ የወሰዱት አምስት ቡድኖች ሁሉ ይጠረጠራሉ፤ ክሊራንስ የሚከለከለው ግን መጨረሻ ላይ የተገኘው ነው። ክሊራንስ ያጣ ተማሪ ዲግሪውን አይወስድም፤ ሥራ አግኝቶ ማስረጃ አምጣ ሲባል የሚያመጣው የለውም። ያልሠራውን ጥፋት እየከፈለ የሚመረቅ ሰው በዚህ ትምህርት ክፍል መኖር የለበትም።

ስለዚህ ርክክብ ሲደረግ ያቺ የኤፍ 22 ሙከራ ትቀረጽ፤ ሲወጣም፣ ሲመለስም። ጋሼና ተማሪው አብረው ይዩአት፣ የፋይሉ ቁጥር ፎርሙ ላይ ይጻፍ፣ ፋይሉ የትምህርት ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይቀመጥ። ነጥብ ሲገኝ ከየትኛው ቀን በኋላ እንደገባች ይታወቃል። ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ነጭ ግድግዳም ከጋሼ ወንበር ጀርባ አለ።